ለትሁን የቀሩት ሦስት እልልታዎች

ባለፈው ወር ፍኖተ ሰላም ከአንድ አዲስ የቆርቆሮ ቤት ገብቼ፣ ገና ነጠላዬን ሳላወርድ የባዘቶ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ደረሰ። ባዘቶ ማለት ጥጥ ፍሬው ከወጣለት በኋላ ተነድፎ ለፈትል ሲለሰልስ ነው። ሽታ የለውም የሚል ሰው ካለ ሕፃን ጠቅልሎበት አያውቅም። ሲሞቅ ይሸታል፤ ትንሽ አቧራ፣ ትንሽ ወተት፣ ትንሽ ደግሞ ፀሐይ ላይ የዋለ ልብስ። ሌላ ሰው ቢሆን ይኼ ሽታ ሆዱን ያባባው ነበር። እኔን ጥርሴን አስነከሰኝ። ዕድሜዬ ስድሳን ካለፈ ቆይቷል፣ ወገቤን ያመኛል፣ መነጽሬን የት እንዳስቀመጥሁ ይጠፋኛል፤ ቂሜ ግን አንድም ቀን ጠፍቶብኝ አያውቅም።

የሄድሁት ተጠርቼ ነው። የባሌ እህት የልጅ ልጅ መቅደስ ጊዜያቸው ያልደረሰ መንታ ወልዳ፣ ሆስፒታል ሰንብታ፣ ሁለቱንም ሴቶች ታቅፋ ቤቷ ገብታ ነበር። በዘመዱ ሁሉ መካከል የሰባት ወር መንታ ቤት ውስጥ ያሳደገች እኔ ብቻ ስለሆንሁ ቡሬ ተደወለልኝ። «እማማ አለሚቱ፣ ሆስፒታል ሳለሁ ሁሉን አውቀው ነበር፤ ቤት ስገባ ግን ሁሉም ጠፋብኝ» አለችኝ እያለቀሰች። መንገዱ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ይከፈታል አንድ ቀን ይዘጋል። በተከፈተ ቀን ሚኒባስ ይዤ በማንኩሳ በኩል ሄድሁ። ፍኖተ ሰላምን ሽማግሌዎቹ ወጀት በሚሏት ጊዜ ይኼን መንገድ የምንሄደው የእህል መኪና ላይ ተጭነን፣ ጆንያ ተደግፈን፣ ከአቧራው ራሳችንን በናይለን ሻርፕ ሸፍነን ነበር። ናይለን ሻርፕ ያላት ሴት ያኔ ቀና ብላ ነበር የምትሄደው። እኔም አንድ ነበረኝ፣ ሰማያዊ፣ ዳር ዳሩ ላይ ነጭ አበባ ያለው። ዛሬ ሚኒባሱ ውስጥ ሾፌሩ ዘፈኑን ከስልኩ ይለቀዋል፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን ይቀይራል፣ ሰው ልቡ እስኪገባ አይጠብቅም።

ከቤቱ ጥግ፣ ፍራሽ ላይ፣ ትራስ ተደግፋ እሷ ተቀምጣ ነበር። እታለም ይታይሽ። የባሌ የምንይችል ታላቅ እህት፣ የመቅደስ አያት። ሰማንያ ሞልቷታል ይላሉ። በአፌ ዛሬም «አንቱ» ነው የምላት። በልቤ «አንቺ» ካልኋት ግን አርባ ዓመት አልፎታል፤ ይኼን የምጽፈው በልቤ ስለሆነ አትፍረዱብኝ። ገና ሳልቀመጥ፣

«ባዘቶውን እኔ ነኝ ያስመጣሁት» አለችኝ። «እኛስ የመንታዎችሽን የአንሙትንና የትሁንን ነፍስ ያተረፍነው በባዘቶ አይደለም እንዴ?»

እኛ! እኛ አለች።

እንግዲህ ያን ዘመን ልንገራችሁ። ዓመተ ምሕረቱን ተዉት፤ ማን ይገዛ እንደነበርም አትጠይቁኝ። ስኳር በወረፋ የሚገኝበት፣ ጎረምሶቹ ከታች የሰፋ ሱሪ ለብሰው የቡሬን አቧራ የሚጠርጉበት፣ እኛ ደግሞ የኮንጎ ጫማችንን ገበያ እስክንደርስ በእጃችን ይዘን፣ ከተማው አፋፍ ላይ እግራችንን ታጥበን የምናጠልቅበት ዘመን ነው። አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ አንድ ሻይ ቤት ነበር። ባለቤቱ ሬዲዮውን መስኮት ላይ አውጥቶ ለመንገደኛውም ለጎረቤቱም ያሰማል። አንድ ብርጭቆ ሻይ በስሙኒ ነበር፤ ስሙኒው የሌለን ሴቶች በርበሬያችንን ሸጠን ስንመለስ ውጭ ቆመን ዘፈኑን ብቻ እንጠጣለን። ግማሹን እዚያ ሰምተን ግማሹን መንገድ ላይ ራሳችን እንጨርሰዋለን። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል፣ ከሥሩ የስልክ መሸጫ ነው። ባለፍሁ ቁጥር ዓይኔ መስኮቱን ይፈልጋል።

እኛ የምንኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ በአማቶቼ ግቢ ነበር። አማቶቼ ሞተው ስለነበር ግቢውን የምታዘው ይታይሽ ናት። ክፉ ስም አልወጣባትም፤ ቀድማ ተነሥታ፣ ከሁሉ በላይ ሠርታ ነበር የምታዘው። ከዚያ በላይ ደግሞ ድምፅ ነበራት። የእሷ እልልታ ከግቢያችን ሲነሣ ወንዝ ማዶ የሚያርስ ሰው በሬዎቹን አቁሞ ይቆጥራል። በእኛ ዘንድ ሕፃን ሲወለድ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። ጎረቤት በጆሮው ቆጥሮ ምን እንደተወለደ ያውቃል፤ ገንፎውን ይዞ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል ይመጣል። እልል ያልተባለለት ሕፃን ለሀገሩ አልተወለደም። ሠርግ ያለው ሰው ከዘፋኙ በፊት ይታይሽን ነበር የሚለምነው።

እኔን ምጥ የያዘኝ በሰባት ወሬ ነው፣ የዘር ጊዜ፣ ወንዶቹ ሁሉ እርሻ ላይ እያሉ። መጀመሪያ ወንዱ መጣ። ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ጮኸ። ይታይሽ ወደ ደጅ ወጥታ ሰባቱን አወረደችው። እንዴት ያለ እልልታ ነበር! ደሜ እየፈሰሰ ሳቅሁ። ከዚያ አዋላጇ «ቆዩማ፣ ሌላ አለ» አለች፣ ሴቲቱም መጣች። ከወንዱም ታንሳለች። ክንዷ የእኔን አውራ ጣት ያህላል፣ ጆሮዋ ሲነኩት እንደ እርጥብ ወረቀት ይታጠፋል። ተኝቼ ሦስቱን ጠበቅሁ። ይታይሽ ገባች፣ ጎንበስ ብላ አየቻት፣ እጇን በነጠላዋ ጠረገች።

«ለዚችስ ተዉት» አለች።

«ኧረ ነፍስ ናት እታለም» አለቻት አዋላጇ።

«ነፍስስ ናት። ለስንት ቀን? ሰው ገንፎ ይዞ ሲመጣ ለቅሶ ይጠብቀው?»

ገንፎው ለሰባቱ መጣ። ሴቶቹ እየገቡ ስለ ወንዱ ይጠይቁኛል፣ ወንዱን ይመርቁልኛል። ከጎኔ የተኛችውን ያየ ካየ በኋላ ዓይኑን ያሸሻል። ሐኪም ቤት መሄድ ያን ጊዜ በወሬ የምንሰማው ነገር ነበር። ባሌ የምንይችል የአረቄ ጠርሙሶች ሰብስቦ ሙቅ ውኃ እየሞላ፣ የራሱን ካልሲ እያለበሰ ከልጆቹ ጎንና ጎን ይደረድርልኝ ነበር፤ አፈሩ ይቅለለው፣ ምንም ቃል ሳይናገር ነው የሚያደርገው። መጥባት አይችሉም፤ አፋቸው ጡቱን አይዝም። ስኒ ውስጥ አልቤ ጥጥ እየነከርሁ ጠብታ ጠብታ እሰጣለሁ። አንዱን ስጨርስ የሌላዋ ሰዓት ይደርሳል፣ ሌላዋን ስጨርስ ጠርሙሱ ይቀዘቅዛል። ቀኑ ከሌሊቱ አይለይም ነበር።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ይታይሽ ሴቲቱን ከጎኔ አነሣቻት። እህል የምንሰፍርበት ቁና ውስጥ አሮጌ ቀሚስ አንጥፋ አስተኛቻት፤ ቁናውን ከጎታው ኋላ አስቀመጠችው።

«ጡትሽ የአንድ ነው» አለችኝ። «ለሁለት እከፍላለሁ ስትይ ሁለቱንም ትቀብሪያለሽ። ወንዱን ያዥ። እሷን ለፈጣሪዋ ተያት። ስምም አታውጭላት፣ ስም ያለው ሲሞት ይከብዳል።»

እኔም እሽ አልሁ። ይኼን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለባሌም፣ ለነፍስ አባቴም። ሃያ ዓመቴ ነበር፣ አንቱ የምላት ሴት ናት፣ ደክሞኛል፣ ሌላም ሌላም ማለት እችላለሁ። እሽ አልሁ። ከረፋድ ጀምሮ ከብቶቹ እስኪገቡ ድረስ ወንዱን ብቻ መገብሁ። ከጎታው ኋላ ድምፅ ይመጣ ነበር። ልቅሶ አይባልም፣ ለልቅሶ አቅም የላትም። እየቆየ ይመጣል፣ እየቆየ ይጠፋል። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። ግማሽ ቀን ሙሉ። ከዚያ ድምፁ ቆመ፤ ሲቆም ነው የተነሣሁት።

ሳነሣት ቀዝቅዛለች። ቀሚሴን ከላይ እስከ ወገቤ አውርጄ ደረቴ ላይ ለጠፍኋት፤ ወንዱንም አምጥቼ ከጎኗ አደረግሁት። ለጋቢ ያዘጋጀሁትን ባዘቶ በጀርባቸው ሁሉ ጎዝጉዤ በመቀነቴ ጠምጥሜ አሰርሁ። ትንፋሿ ጡቴ ላይ እስኪሰማኝ ድረስ እኔም አልተነፈስሁም። ይታይሽ ገብታ ራቁት ደረቴን አየች።

«እንስሳ ሆንሽ?» አለችኝ።

«አዎ፣ ሆንሁ። አንቱ ይውጡልኝ» አልኋት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። በዚያው ሰዓት ስም አወጣሁላት፤ ትሁን አልኋት። ወንዱን ደግሞ አባቱ አንሙት አለው። ሁለቱን ደረቴ ላይ አስሬ ሁለት ወር ከዚያ ጎጆ አልወጣሁም፤ ተቀምጬ በላሁ፣ ተቀምጬ አንቀላፋሁ። ለጋቢ የታሰበው ባዘቶ እዚያው አለቀ፤ የምንይችል ያን ክረምት በአሮጌ ጋቢ ከረመ።

ከዚያ በኋላ የኖርሁት ሦስቱን እያሰብሁ ነው። ትሁን ክርስትና ስትነሣ ክርስትና እናት አድርጌ የሰጠኋት ይታይሽ በውኃ መስመር የተጣላቻትን ጎረቤት ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ትሁንን አስውቤ፣ ጸጉሯን በቅቤ አርሼ፣ ማሰሮ አስይዤ ወደ ይታይሽ ቤት እልካታለሁ፣ ሰው በሞላበት ሰዓት መርጬ፤ ልጅቱ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ስትስም መመረቅ ግድ ነው። መረቀቻት፣ በየዓመቱ፣ እስክታድግ። የትሁን ሠርግ ዕለት ደግሞ ከአዊ በኩል፣ ከአገው ዘመዶቻችን አንዲት ድምፀ መልካም ሴት አስመጥቼ እልልታውን ለእሷ ሰጠሁ። ይታይሽን ከፊት፣ ከእኔ አጠገብ አስቀመጥኋት፣ ለክብሯ ብዬ። እልል ልትል አፏን በከፈተች ቁጥር ጉርሻ አጎርሳታለሁ። ትልልቅ ጉርሻ ነው። «በሞቴ» እያልሁ። ሰው «አለሚቱ ለባሏ እህት ያላት አክብሮት!» ይል ነበር። ከሰዓት በኋላ ሆዷን ይዛ ጋደም አለች። ያን ቀን እንደ ጨፈርሁት ጨፍሬ አላውቅም።

ይኸው እሷ ናት ዛሬ «እኛ» የምትለኝ። ትቻት ወደ መቅደስ ሄድሁ። የዛሬ ልጆች መንታ አያያዝ ያስቀናል። ስልኳ በየሁለት ሰዓቱ ይጮኻል፣ ማን ስንት እንደጠባ ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ በር ላይ የእጅ መታጠቢያ አስቀምጣለች፤ ዘመድ ሁሉ ተቀይሟታል፣ እሰይ አልሁ። ባሏ ባጃጅ ነጂ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ መጣ፣ እጁን ታጠበ፣ ሸሚዙን ፈትቶ አንዷን ደረቱ ላይ አስቀመጠና በላይዋ ሹራብ ደረበባት። ወንድ ልጅ! የምንይችል ይኼን ባየ አልሁ። ይታይሽ ግን ፊቷን ዞር አደረገች።

«ባዘቶውን አንሡት» አልኋት መቅደስን። «ብናኙ አፍንጫቸው ይገባል። ባዘቶ ማንንም አላተረፈም። ደረት ነው ያተረፈ፣ እንደ ባልሽ።» ይኼን ስል ይታይሽ እንድትሰማ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

ቀኑን ሙሉ አብሬያቸው ዋልሁ። ታላቂቱ ትጠባለች። ታናሺቱ ሁለት ሳብ ሳብ ታደርግና ትተኛለች። ጉንጯን በጣቴ እየነካሁ ቀሰቀስኋት፤ ደግማ ሳበች፣ ሦስተኛም። ውስጥ እግሯን ዳሰስሁት፣ ሙቅ ነው። እኔ በዚያው አወቅሁ፤ ትተርፋለች። ሳነሣት ይታይሽ በዝግታ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ፣

«አለሚቱ፣ ይች ታናሺቱ ትተርፍ ይሆን?» አለችኝ። ዓይኗ ውኃ አቅርሯል።

አውቃለሁ፤ ግን አልነገርኋትም። እንድትቆይበት ፈለግሁ። እኔ ወራት ቆይቼበታለሁ። ሕፃኒቱን እንደያዝሁ ወደ መቅደስ ዞርሁና «እልል ተብሎላቸዋል?» አልሁ።

«ኧረ የለም። ሆስፒታል ነው የወለድሁ። ቤት ስንገባም እማማ ይታይሽ ልጆቹ እስኪጠነክሩ ጎረቤት አይስማ አሉ።»

ደሜ ፈላ። አርባ ዓመት አልፎ ያችው ሴት፣ ያው አፍ!

«ይነሡ እታለም» አልኋት። «ደጅ ይውጡና ለሁለቱም ይበሉ።»

«ድምፄ እኮ ሄዷል ልጀ።»

«ይመለሳል። እስኪሉ ድረስ ይች ልጅ ትተርፋለች አትተርፍም የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም።»

መቅደስ ደንግጣ አየችኝ። ባሏ «ተዉአቸው፣ አሮጊት ናቸው» ሊል ጀመረ፤ ስገላምጠው ተወው። ይታይሽ ምርኩዟን ይዛ ተነሣች፣ በሩን ተደግፋ ቆመች። የመጀመሪያው ሳል ሆነ። ሁለተኛው ተቆረጠ። ሦስተኛው ላይ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ከድሮው ድምፅ አንድ ክር ወጣ። አጥር ማዶ ሰው «እሰይ!» አለ። ሦስቱን ለታናሺቱም ደገመችው፤ ስድስት። መቅደስ አለቀሰች። ይታይሽ እያለከለከች ልትገባ ስትል ደጃፉ ላይ ቆምሁባት።

«ትተርፋለች» አልኋት። «ቃሌ ነው። ግን ሦስት ይቀራል።»

«የምን ሦስት?» ወደ ቤት ውስጥ አሻግራ አየች። «ሦስተኛ አለ እንዴ?»

«አለች። ትሁን።»

አየችኝ። ፊቷ ላይ እፍረት ፈለግሁ፣ ፍርሃት ፈለግሁ፣ ቢያንስ ክህደት ፈለግሁ። ምንም የለም።

«ለትሁን አላልሁም እንዴ?» አለች። «ብያለሁ እንጀ። እኔ ለማን ሳልል ቀርቼ አውቃለሁ?»

ረስታዋለች። ቁናውን ረስታዋለች፣ ጎታውን ረስታዋለች፣ «ስም አታውጭላት» ያለችውን ረስታዋለች። ያን ሁሉ ዓመት የያዝሁትን እሷ አንድም ቀን አልያዘችውም። ብትዋሸኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኬን አወጣሁና ለትሁን ደወልሁ። ትሁን አዴት ነው ያለችው፣ የድንች ዘር ነጋዴ ናት፤ ሰፊ ሴት፣ ኩንታል ስታስጭን ድምፅዋ ከሸማቹ ሁሉ በላይ ይሰማል። ስታነሣው ምንም ሳልል ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ወደ ይታይሽ አፍ አስጠጋሁት።

«ይበሉ።»

አለች። ያቺ አሮጊት እጄን ይዛ፣ በስልኩ ውስጥ፣ ሦስት ጊዜ እልል አለች። ሦስተኛው ላይ ድምፅዋ እንደ ወጣትነቷ ወጣ፤ ወንዝ ይሻገር ነበር።

«በቃሽ?» አለችኝ ትንፋሽ አጥሯት።

«አልበቃኝም» አልኋት። እውነቴን ነው፤ ይቅርም አላልኋትም። ፍራሿ ላይ እስክትቀመጥ ግን ክንዷን ደገፍሁ።

«እማየ! እማየ!» ትላለች ትሁን ከስልኩ ውስጥ። «ምን ተገኘ? የማን ሠርግ ነው?»

«ያንቺ ነው» አልኋት። «ስትወለጅ ያልተባለ ነው።»

ሳቋ ቤቱን ሞላው። «እና ዛሬ ገና ትዝ አላችሁ?»

ወደ ደጅ ወጣሁ። አጥር ማዶ ያለችው ሴት በነጠላዋ የሸፈነችው ሰሃን ይዛ እየመጣች ነው፤ ገንፎ መሆን አለበት። ትሁን ከኋላዋ የገበያ ጫጫታ እየተሰማ ትጠብቀኛለች። ይታይሽ የበኩሏን ብላለች፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው ያዞርሁባትን ያችን ግማሽ ቀን ያልተናገርሁ እኔ ብቻ ነኝ። ለትሁን ልነግራት አፌን ከፈትሁ።

«ምሳ በላሽ?» አልኋት።